ሁለት መቶ አርባ ዲግሪ

በመተላለፊያው ውስጥ ካሉት ሱቆች ሁሉ ጠባቡ የእሱ ነው። በግራው ቁልፍ ቀራጭ አለ፣ በቀኙ ፎቶ ኮፒ ቤት። እሱ በመሃል፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢቆም ግድግዳ በሚታከክበት ቦታ፣ ጠረጴዛ፣ መብራት፣ አጉሊ መነጽርና ሁለት ወንበር ይዞ ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጧል። ሥራው የመስሚያ መሣሪያ መጠገን ነው። ጆሯቸው የደከመ ሰዎች ከጆሯቸው ጀርባ የሚያንጠለጥሏት፣ ከባቄላ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ዕቃ ስትከፈት ውስጧ ስንት ጉድ እንዳለ በዚያ ሰፈር የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።

ሰፈሩ ስሙን ትቶ «ባለ ዲግሪው» ይለዋል። ትምህርት ቤት የሰጠው ዲግሪ የለውም፤ የቴክኒክ ትምህርቱንም በሁለተኛው ዓመት እናቱ ሲታመሙ ጥሎ ነው የወጣው። ዲግሪው የመበየጃው ነው። ቁልፍ ቀራጩ አንድ ቀን ሊጎበኘው ገብቶ «ይቺ ሦስት መቶ ሃያ ትበቃታለች፣ ያቺ ሦስት መቶ ሰማንያ ካላገኘች ንቅንቅ አትልም» እያለ ለራሱ ሲያወራ ሰማው። «ሰው ለአንድ ዲግሪ አራት ዓመት ይለፋል፣ ይሄ ሰውዬ ከምሳ በፊት ሦስት መቶ ይጨርሳል» ብሎ ለመተላለፊያው ሁሉ አወራ። ስሙ በዚያው ጸና።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ብየዳ ማለት ትኩስ ብረት አስነክቶ ማንሣት ይመስለዋል። ባለ ዲግሪው ይህን ሲሰማ ይናደዳል። ሙቀት እንደ ጨው ነው፤ ቢበዛም ቢያንስም ያበላሻል። ሲበዛ በቦርዱ ላይ የተለጠፈችው የመዳብ ክር ተልጣ ትነሣለች፤ ወይም ትንሿ ዕቃ ውጪዋ ደኅና መስሎ ውስጥ ውስጡን ትሞታለች። ሲያንስ ደግሞ ሊድ የሚሉት የብየዳ ሽቦ ቀልጦ ጉብ ይላል እንጂ ብረቱን አይነክስም። ላይ ላዩን ሲያዩት ተይዟል፤ ውስጡን ግን ተደግፎ የቆመ ነው፤ ጥቂት ቀን ሲነቃነቅ ይለቃል። ጥሩ ብየዳ ያበራል፣ ሙቀት ያነሰው አመድ ይመስላል። ለባትሪው መያዣ ሦስት መቶ ሰማንያ፤ ለተራ ሽቦ ሦስት መቶ ሃምሳ፤ ፀጉር ለምታህለው የድምፅ ማውጫ ሽቦ ሦስት መቶ ሃያ፣ ሊዱ እንዲነክስ የሚረዳ ጥቂት ፔስት ቀብቶ አንድ ሰከንድ ብቻ፤ ለማይክሮፎኗ ሦስት መቶ፣ እሱም ትንፋሽ ይዞ። ይህን ሁሉ በካርቶን ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል። ለማን እንደለጠፈው አይታወቅም፤ እሱ በቃሉ ያውቀዋል፣ ሌላ የሚያነብ ደግሞ የለም።

ብቻውን ማውራቱም ከዚሁ የመጣ ነው። እናቱ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። እሳቸውን ሲያስታምም ትዳሩም ጓደኛውም ሳይታወቀው አለፈው፤ ነገ፣ ከነገ ወዲያ ሲል ፀጉሩ ሸበተ። ሌላ ከተማ ያገባች ታናሽ እህት አለችው፤ እሑድ እሑድ ትደውላለች። «በላህ?» ትለዋለች። «በላሁ።» «ጤናህ?» «ደኅና ነኝ።» «በል እንግዲህ፣ ልጆቹ እየረበሹኝ ነው።» ክፉ ሆና አይደለም፤ ሦስት ልጅና አንድ ባል ያላት ሴት ከዚህ በላይ ትንፋሽ አይተርፋትም። የሚኖርባት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ሬዲዮኑን ከፍቶ ነው ጠዋት የሚወጣው። ሲጠይቁት ሌባ እንዲፈራ ነው ይላል። እውነቱ ግን ሲመለስ በሩን ሲከፍት ውስጥ የሚያወራ ሰው እንዲኖር ነው።

የሥራውንም ጠባይ መናገር ያስፈልጋል፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነውና። ሌላ ባለሙያ ጥሩ ሲሠራ ደንበኛ ያፈራል። ባለ ዲግሪው ጥሩ ሲሠራ ሰው ያጣል። በደንብ የተበየደ መሣሪያ አምስትና ስድስት ዓመት ዞር ብሎ አያየውም። ሰዎቹ ይመጣሉ፣ ዕቃዋን ያስረክባሉ፣ ጆሯቸው ላይ አድርገው ፊታቸው ይበራል፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ፣ ይሄዳሉ። መስማት የጀመረ ሰው ደግሞ ቶሎ ቤቱ መሄድ ነው የሚፈልገው፤ የሚሰማው ሰው እዚያ ነው ያለው።

እማማ ሃሎ የመጡት በዝናብ ወራት ነው። ይህንን ስም ያወጣላቸው እሱ ነው፤ በሆዱ እንጂ በአፉ ጠርቷቸው አያውቅም። ረዘም ያሉ፣ ሰባ አራት ዓመት ያላጎበጣቸው ሴት ናቸው። ደጁ ላይ ቆመው ጃንጥላቸውን አራገፉና ጮክ ብለው «ሃሎ፣ ማን ልበል?» አሉ። በገዛ ሱቁ ማንነቱን የተጠየቀው ባለ ዲግሪው ከወንበሩ ብድግ አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበሩ። በእሳቸው ጆሮ ሳያልፍ የተገናኘ ሰው በዚያ ከተማ አልነበረም፤ የልደት ዜናም፣ መርዶም፣ የፍቅር ጭቅጭቅም። «ሁሉንም ሰማሁ፣ ለማንም አላወራሁም» ይላሉ። «አሁን ጆሮዬ ጡረታ ወጣ። አፌ ግን ገና ነው።»

መሣሪያቸው ጠረጴዛው ላይ ስትከፈት እሳቸው ምንም አይሰሙም። ስለዚህ ያወራሉ። ሌላው ደንበኛ መሣሪያው እስኪሠራ ዝም ብሎ ግድግዳ ያያል፤ እሳቸው ሁለተኛው ወንበር ላይ ተደላድለው፣ መልስ ሳይጠብቁ፣ ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። የዚያን ዕለት ስለ ወንድማቸው አወሩ። አንድ ታናሽ ወንድም አላቸው። በእናታቸው ለቅሶ ላይ ከአፍ በወጣች አንዲት ቃል ተኳርፈው አሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገሩም። «ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ» አሉ። «ግን ታላቅ እኔ ነኝ። መምጣት ያለበት እሱ ነው፤ ደግሞም ይመጣል። ግትር ነው እንጂ ክፉ አይደለም። እኔ ይኼንን ዕቃ የማሠራው ለዘፈን መስሎሃል? አንድ ቀን በሬ ቢንኳኳ እንዳያመልጠኝ ነው።» ወንድምየው እህቱ መስማት ማቆሟን እንኳ አያውቅም፤ ጆሯቸው የደከመው ከኩርፊያው በኋላ ነው።

ባለ ዲግሪው እያዳመጠ ነበር የሚሠራው፤ ችግሩም ይኸው ነው። ጠዋት የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ሽፋን በመበየጃው ጫፍ ሲያጣብቅ ሙቀቱን ወደ ሁለት መቶ አርባ ዝቅ አድርጎት ነበር። መመለሱን ረሳ። የእማማ ሃሎን የተበጠሰች ፀጉር መሳይ ሽቦ በወረንጦ ይዞ በዚያው ሙቀት በየዳት። ሊዱ ቀልጦ ጉብ አለ፤ በቴስተር ሲለካው ያስተላልፋል፤ ጆሯቸው ላይ አድርገው «ሰማሁህ፣ አትጩህ» አሉት። የመበየጃውን የሙቀት ማዞሪያ ያየው ከሄዱ በኋላ ነው። ጭንቅላቱን ያዘ። ሊከተላቸው ወደ ደጅ ወጣ፤ ዝናቡና ሰዉ ውጧቸዋል።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ተመለሱ። «ልጄ፣ ይቺ ነገር ደግሞ አኩርፋለች» ብለው ዕቃዋን ጠረጴዛው ላይ አኖሯት።

ልጄ አሉት። በሃምሳ ሦስት ዓመቱ፣ የማንበቢያ መነጽሩ ላይ ሌላ አጉሊ ደርቦ በተቀመጠበት፣ ልጄ አሉት። ለዘጠኝ ዓመት ማንም እንዲህ ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም። ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ከፈተና ዘጋው። እሳቸው ወዲያው ወንበራቸውን ስበው ስለ አንድ ሙሽራ ማውራት ጀመሩ፤ በሠርጉ ዋዜማ ደውሎ የተሳሳተች ሴት ስላገናኙለት፣ ኋላም እሷኑ ስላገባ ሙሽራ። ባለ ዲግሪው እስከ እንባው ሳቀ። ማዞሪያው ሦስት መቶ ሃያ ላይ ነበር፤ በትክክለኛው ቦታ። ያቺን ሰዓት እንዲህ ብሎ ያስታውሳታል፦ እየሳቀ እጁ ሄዶ ማዞሪያውን ወደ ታች አዞረው። ማንም አላስገደደውም። ፔስቱንም አልቀባም። ሁለት መቶ አርባ ላይ፣ ነካ ነካ አድርጎ፣ አመድ የመሰለች ብየዳ ሠራላቸው። ከዚያም አላስከፍልም አለ፤ ይህንንም እንደ ጽድቅ ቆጠረው።

ሰው ራሱን ሲያታልል እሱን የሚያህል ጠበቃ የለም። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ይሰማሉ እኮ» አለ ለራሱ። «የሚጎዱት ምን አላቸው? እሳቸውም ሲያወሩ ደስ ይላቸዋል። ቤታቸው ብቻቸውን ናቸው፤ እዚህ ግን ሰው ያገኛሉ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው።» እውነት ነው፣ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው። ግን ሆን ብሎ አሳምሞ መድኃኒት ነኝ የሚል ሐኪም ምን እንደሚባል እሱም አያጣውም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

እንዲህ ሆኖ ሦስተኛ ጊዜም መጡ። መምጣታቸው ሲቃረብ ሁለተኛውን ወንበር ይወለውላል፤ ጢሙን ይላጫል። ቁልፍ ቀራጩ አንገቱን አስግጎ «ምነው፣ ሽማግሌ ልትልክ ነው እንዴ?» አለው።

«እናቴን ይሆናሉ፣ ሰውዬ።»

«እሱንማ ነው የምለው፤ እናቱን ለመቀበል የሚላጭ ሰው ዛሬ አየሁ።»

በዚያ በሦስተኛው ጊዜ አንድ ነገር አደረገ። እማማ ሃሎ መሣሪያቸው ተከፍታ፣ ምንም ሳይሰሙ፣ የጎረቤታቸውን ድመት ታሪክ እያወሩ ነበር። ከንፈር እንደሚያነቡ ያውቃል፤ ስለዚህ ፊቱን ወደ ጠረጴዛው ደፋና በደንብ በሚሰማ ድምፅ «የማበላሸው እኔ ነኝ» አለ። «እማማ፣ ዕቃው ጤነኛ ነው። እንዲመለሱ ብዬ ሙቀቱን የማሳንሰው እኔ ነኝ። ሲሄዱ ሱቁ ባዶ ይሆንብኛል።» እሳቸው ድመቷ ላይ ነበሩ። ባለ ዲግሪው ቀና ሲል ፈገግ ብለው አዩት፤ እሱም ፈገግ አለ። ልቡ ቀለል ያለው መሰለው። ከዚያ ማዞሪያውን ደግሞ ወደ ሁለት መቶ አርባ መለሰው።

አራተኛው ጊዜ ዘገየ። ሃያ ቀን አለፈ፣ ሃያ አምስት አለፈ። ባለ ዲግሪው ጢሙን ሦስት ጊዜ ተላጨ። ምናልባት ብየዳው ያዘ ብሎ አሰበ፤ ይህን ሲያስብ ደስታ ሳይሆን ቅናት የመሰለ ነገር ስለተሰማው ራሱን ታዘበ። ምናልባት ታመው ይሆን ብሎም ፈራ። ቤታቸውን አያውቅም፤ ይህን ሁሉ ጊዜ የት እንደሚኖሩ አልጠየቃቸውም። መጠየቅ ይችል ነበር።

በሃያ ስምንተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መጡ። ሃሎ አላሉም። ዕቃዋን ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጡት፣ ተቀመጡና እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አጣጠፉ። እሱ ሽፋኗን ከፈተ፤ ሽቦዋ እንዳሰበው ለቃለች። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ሳለ መናገር ጀመሩ።

«ወንድሜ መጥቶ ነበር» አሉ።

ባለ ዲግሪው ወረንጦውን አስቀመጠ።

«ባለፈው ረቡዕ ነው። እኔ አላየሁትም። ታች አዲስ የገባችው ጎረቤቴ ናት በማግሥቱ፣ አለመስማቴን ያኔ አውቃ፣ በወረቀት ጽፋ የነገረችኝ። ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ፣ ምርኩዝ ይዞ፣ ደረጃዬን ወጥቶ ሲያንኳኳ ውሏል። እሷ ገበያ ስትሄድ ሲያንኳኳ ነበር፣ ስትመለስም ያንኳኳል። ደረጃው ላይ ተቀምጦ አርፎ ደግሞ ይነሣል። ያቺ ዕቃ ማክሰኞ ነው የሞተችብኝ። ሐሙስ ወዳንተ ላመጣት አስቤ ነበር።» መሐረባቸውን አወጡ፤ ግን አላለቀሱበትም፣ ጭናቸው ላይ ዘረጉትና ማዕዘኑን ከማዕዘኑ አስተካከሉት። «ቤቱን ሳጸዳ ነበር። መስኮቱ ላይ ወዲያ ወዲህ ስል አይቶኛል። ለጎረቤቴ ምን እንዳላት ታውቃለህ? ‹እያየችኝ ነው፣ አትከፍትም። በቃ፣ ገባኝ› ብሏት ነው የሄደው። ምርኩዝ ይዞ ስምንት ሰዓት ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዞ።»

ባለ ዲግሪው ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

«ልደውልለት አሰብኩ» አሉ እማማ ሃሎ። «ሳልሰማ ደውዬ ምን እሆናለሁ? ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ አልጋ ላይ ነበርኩ፤ እግሬ እምቢ አለኝ። ዛሬ ነው መነሣት የቻልኩት። በደንብ ሥራልኝ፣ ልጄ። የእኔ ዕድል ሆኖ ነው እንጂ አንተ ምን ታደርግ።»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል አጥንቱ ድረስ ገባች። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ማዞሪያውን ሦስት መቶ ሃያ ላይ አደረገው፤ የመበየጃውን ጫፍ በእርጥቡ ስፖንጅ ላይ ጠረገ። አሮጌውን ሊድ ጠርጎ አነሣው፣ ፔስት ቀባ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ አስነካ፣ አንድ ሰከንድ፣ አነሣ። ብየዳዋ አበራች። በወረንጦ ሽቦዋን ሳብ አደረጋት፤ ንቅንቅ አላለችም። ሌላኛዋንም መገጣጠሚያ፣ ጤነኛዋን፣ እንደገና ሠራት። ባትሪውን አዲስ አደረገ፤ ሽፋኗን ዘጋ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ እንደዚያች የተጠነቀቀላት ዕቃ የለችም።

አሁን ዕቃዋን አስረክቦ ዝም ማለት ይችላል። ማንም አያውቅበትም። ባለፈው ጊዜም ተናግሮ ቀሎት ነበር፤ ያኔ ግን እየሰሙት አልነበረም። እሳቸው መሣሪያዋን ጆሯቸው ላይ አስተካክለው የድምፅ ማስተካከያዋን በጣታቸው ከፍ አደረጉና ጭንቅላታቸውን ዘንበል አደረጉ። «ፎቶ ኮፒው ይሰማኛል» አሉ ተደንቀው። «ግድግዳ አልፎ። እንዲህ ሰምቼ አላውቅም።»

«እማማ» አለ ባለ ዲግሪው። «ይሰማዎታል?»

«በደንብ።»

ነገራቸው። ፊቱን አልደፋም፤ ከንፈሩንም አልደበቀም። የመጀመሪያው ስሕተት እንደነበረ፣ ሁለተኛው ግን እንዳልነበረ፣ ሦስተኛውም እንዳልነበረ። ሁለት መቶ አርባ ምን ማለት እንደሆነ አስረዳቸው። በመጨረሻ «እኔ ነኝ በሩን የዘጋሁብዎ» አለ።

እማማ ሃሎ አላቋረጡትም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ጉድ ያለ ቃል የሰሙ ጆሮ ናቸው። ሲጨርስ ፊታቸው ቀስ ብሎ ተለወጠ፤ ከመናደድ ይልቅ የደከሙ መሰሉ።

«ለምን?» አሉት።

«እንዲመለሱ።»

«እኔ ቤቴ ሦስት ሰው የሚቀመጥበት ሶፋ አለ» አሉ። «አንድ ቀን ‹እማማ፣ ልምጣ ወይ?› ብትለኝ እምቢ እልህ ነበር?»

ባለ ዲግሪው እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ እንደሚቻል አስቦት አያውቅም ነበር። ከዚህ ቀደም ካዘነበት ነገር ሁሉ ይቺ ባሰችበት።

«ስልክህን አውጣ» አሉት። ቁጥሩን አንድ ሳይሳሳቱ፣ ሁለት ሁለቱን እያጣመሩ ነገሩት። «ደውል። ለኔ የነገርከኝን ለእሱ ንገረው። እኔ ብነግረው ምክንያት የፈጠርኩ ይመስለዋል። አንተ ንገረው።»

ደወለ። ሦስት ጊዜ ጠርቶ ወፍራም፣ የሻከረ የወንድ ድምፅ መጣ።

«ጤና ይስጥልኝ» አለ ባለ ዲግሪው። «እኔ የመስሚያ መሣሪያ ጠጋኝ ነኝ።»

«ተሳስተሃል። የኔ ጆሮ ደኅና ነው።»

«የእርስዎ አይደለም። የእህትዎ ነው።»

ከወዲያ በኩል ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። «እህቴ ምን ሆነች?»

«ጆሯቸው አይሰማም። አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ያለ መሣሪያ በር ቢሰበር አይሰሙም። እርስዎ የመጡ ቀን መሣሪያው ተበላሽቶ ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሆን ብዬ።»

«ሆን ብለህ? ምን አድርጋህ?»

«ምንም አላደረጉኝም። ሲበላሽ እኔ ዘንድ ይመጣሉ። እንዲመጡ ብዬ ነው። እሳቸው ምንም አያውቁም ነበር። እርስዎ መምጣትዎንም አላወቁም።»

«ጥላዋን አይቻለሁ እኮ» አለ ሽማግሌው፣ ድምፁ ተሰብሮ። «መስኮቱ ላይ። ስሟን እየጠራሁ። ደረጃው ላይ ሆኜ ይቅርታ ጠየቅኋት፣ ጎረቤት እየሰማኝ። መልስ ነሣችኝ ብዬ ነው የሄድኩት።»

«አልሰሙዎትም።»

«አሁን የት ናት?»

«ፊቴ ናቸው።»

«ትሰማለች?»

«አሁን ይሰማሉ።»

«ለሷ ስጥልኝ። አንተን ምን እንደምልህ አላውቅም። ለሷ ስጥልኝ።»

ስልኩን ዘረጋላቸው። እማማ ሃሎ በሁለት እጃቸው ተቀበሉት፤ ጆሯቸው ላይ አደረጉት። ከዚያ «ግትር» አሉ። «አንተ ግትር፤ ያቺን በርኖስህን ለብሰህ ነው የመጣኸው በዚያ ብርድ?» ባለ ዲግሪው ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ጠረጴዛውን ዞሮ፣ ወደ ደጅ ወጣ።

ቁልፍ ቀራጩ ሞረዱን አቁሞ አየው። «ሱቁን ለማን ትተህ ነው?»

«ለደንበኛ።»

«ደኅና ነህ?»

«አይ።»

ቁልፍ ቀራጩ ሊቀልድ የነበረውን ተወው። ከውስጥ በርጩማ አውጥቶ አጠገቡ አኖረለት፤ ባለ ዲግሪው ግን አልተቀመጠም። አርባ ደቂቃ ያህል ቆመ። በሱቁ መስታወት ውስጥ የእማማ ሃሎ አፍ ሲንቀሳቀስ ያያል፣ እጃቸው ሲወናጨፍ ያያል፤ አንድም ቃል አይሰማም። አንድ ጊዜ አለቀሱ፤ አንድ ጊዜ እስኪንከተከቱ ሳቁ፤ ምን እንዳሳቃቸው አላወቀም። በወሬያቸው ያልነበረበት የመጀመሪያ ጊዜ ነበር፤ ይህም ተገቢው መሆኑን እያወቀ ደረቱ ተቃጠለ።

ሲወጡ ስልኩን መለሱለት። ስክሪኑን በመሐረባቸው ጠርገውታል። «በሚቀጥለው ሳምንት እኔ ነኝ የምሄደው» አሉ፣ ለእሱ ሳይሆን ለመተላለፊያው የሚናገሩ ይመስል። «እግሩን ያመዋል። ምናልባትም እዚያው እቀራለሁ፤ የወንድሜ ቤት ሰፊ ነው።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።»

ቀጥ ብለው አዩት። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም፤ ይቅር አልልህምም አላሉም። ጆሯቸውን ዳሰስ አድርገው መሣሪያዋን አስተካከሉ።

«ይቺኛዋ ስንት ጊዜ ትቆያለች?» አሉ።

በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ ሺህ ጊዜ መልሷል፤ እንደዚያ ቀን ግን ከብዶት አያውቅም። ቢዋሽ ምናልባት አንድ ቀን ለማሳየት ይመጡ ይሆናል። «ስድስት ዓመት» አለ። «ከዚያም በላይ ትቆያለች። ማንም እንዳይነካት። ምንም አትሆንም።»

«ሰባ አራት ዓመቴ ነው» አሉ እማማ ሃሎ። «እንግዲያው ትበቃኛለች።»

ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ሄዱ። ባለ ዲግሪው ገብቶ ማዞሪያውን አየው፤ ሦስት መቶ ሃያ ላይ ነው። ብየዳዋ ጥሩ ነበረች። ከዚያ ወዲህ አልመጡም።